ባለ ሽቦው የአባባ መስሚያ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ፣ ዛሬ ግን ክፉኛ ለተቀየምኩህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዘህ ነው የምትነሳው? ባለቤትህስ ደህና ናት? የሌሊት ሥራ ተራው ቀረላት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቁ ልጅህ ባለፈው ስልክ ሲያነሳ ድምፁ ጎርንኖ አንተን መስሎኝ ደነገጥኩ። የትንሿስ የፊት ጥርስ በቀለ? እኔ ደህና ነኝ። ዳቦ ቤቱም እንዳለ ነው፤ ዱቄቱ አሁንም ያስነጥሰኛል፣ አለቃዬም አሁንም ያናድደኛል። አባባ በአካሉ ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። ከዚህ አልፌ ደህና ነው ብዬ ግን አልዋሽህም።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ ትል ይሆናል። ስልኩን አላመንኩትም፤ ለምን እንደሆነ እያነበብክ ስትሄድ ይገባሃል። ብቻ ቁጭ ብለህ አንብበው። እየሄድክ በአንድ ዓይንህ እንደምታያት መልእክት አታድርገው።

መቼም የአባባን የድሮ መስሚያ አልረሳኸውም። የሲጋራ ፓኮ የሚያህል ሳጥን፣ ከሸሚዝ ኪሱ ወጥቶ እስከ ጆሮው የሚሄድ ሽቦ፣ በጎኑ ደግሞ በአውራ ጣት የምትሽከረከር፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ጎማ። ሰፈሩ «ሬዲዮኑ» ነበር የሚለው። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ዜናው ምን ይላል?» እያለ ሲቀልድበት፣ አባባ «ጫማ ሰፊዎች ወሬውን ቀንሰው ጫማ ይስፉ ይላል» ብሎ ይመልስለት ነበር። እርግጥ ያፏጫል። ከሸሚዙ ጋር ሲፋተግም ይንኮሻኮሻል። የሚናገረው ሰው ራቅ ካለበት አባባ ሳጥኑን ከኪሱ አውጥቶ እንደ ጋዜጠኛ አፉ ስር ይደግንበታል። አንተ በዚህ ታፍር ነበር። በእህታችን በእትዬ ሰርግ ፎቶ ስንነሳ ሽቦው እንዳይታይ ኮትህን ቆልፍ ያልከው አንተ ነህ። አባባ ግን አላፈረበትም። ካልሰማ «አልሰማሁም፣ ድገመው» ይላል፤ ሚኒስትርም ቢሆን ያስደግመዋል። ሳይሰማ የሰማ መስሎ ሲቀመጥ አንድ ቀን አላየሁትም።

አምና ስትመጣ እነዚያን ባቄላ የሚያካክሉ ሁለት መስሚያዎች ይዘህለት መጣህ። ሐቁን ልናገር፣ ደስ ብሎት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ወርክሾፑ ገብቶ ቆርቆሮውን አንዴ መታና መዶሻውን አስቀምጦ «ለካ እንዲህ ነው የምጮኸው! ጎረቤት እንዴት ቻለኝ?» አለ። ጫማ ሰፊው ከኋላው «ደንቆሮው» ሲለው ሰምቶም ሳቀ እንጂ አልተቀየመም። ታዲያ አዲሱ ነገር ያለ ዘመናዊ ስልክ አይሆንም ተባለ። የአባባ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፣ የእኔም እንኳን ጆሮ ሊያዝ ለራሱም አይበቃ፤ ስለዚህ ከእትዬ ስልክ ጋር አያያዝከውና ሄድክ። እኛ ጋ ስትመጣ ድምፁን ከፍ ዝቅ የምታደርገው እሷ ሆነች ማለት ነው። እኔ ያኔም ለራሱ መቆጣጠሪያ ይኑረው ብዬህ ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። ሳጥኑንም ጣሉት ብለህ ሄድክ። አልጣልኩትም፤ ከእማማ ልብሶች ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ አባባ ግራ የገባ ነገር ይነግረኝ ጀመር። ጆሮዬ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይሄዳል አለኝ። እኔ የሞኝ ነገር፣ ባትሪው ነው ብዬ ለእትዬ ነገርኳት። እሷም «አዎ፣ ባትሪው ይሆናል» አለች። ለአንተ እንንገር ስለው ግን አባባ በፍጹም አለ። ልጄ ባህር ተሻግሮ ተሸክሞ ያመጣልኝን አይሠራም ብዬ አላሳዝነውም አለኝ። ስለዚህ ሳይሰማ ሲቀር ፈገግ ብሎ ራሱን መነቅነቅ ለመደ። ያ ሚኒስትር የሚያስደግም ሰው ላንተ ሲል ራስ መነቅነቅ ተማረ።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ሳሎን ውስጥ እንግዶች አገኘሁ። አንደኛው አንገቱ ላይ ወፍራም ሐብል ያደረገ ደላላ ነው፤ ሌላኛው ግቢያችንን ለመኪና ማቆሚያ የፈለገ ነጋዴ። እትዬ ከአባባ ጎን ተቀምጣለች። ደላላው ወርክሾፑ መቼ እንደሚፈርስ፣ አባባ እትዬ ቤት ፎቅ ላይ ያለችው ክፍል መቼ እንደሚገባ ያወራል። አባባም ፈገግ እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ያፈላሁላቸውን ሻይ እንደያዝኩ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ወርክሾፑ ይፈርሳል ሲባል እሺ የሚል ሰው አባባ ነው? እትዬ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ በአውራ ጣቷ ትነካካለች፤ መልእክት የምትጽፍ መስሎኝ አለፍኳት። እንግዶቹ ሊወጡ ሲሉ ደላላው የአባባን እጅ ጨብጦ «እግዜር ያክብርልን አባቴ፣ ተስማምተውልናል» አለ። ይህቺን ቀረብ ብሎ ስለተናገራት ሰማት። «ምኑን ነው የተስማማሁት?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ዓይኑን ሳታይ፣ አባባ አሁን ስንት ጊዜ ራስህን ነቀነቅህ፣ ሁላችንም አይተናል አለችው።

ወንድም ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ የመጡትን ቀናት ባላየኋቸው በወደድኩ። አባባ ጆሮውን አልጠረጠረም፤ የጠረጠረው ጭንቅላቱን ነው። ሰምቼ፣ ተስማምቼ፣ ወዲያው ረሳሁት ማለት ነው ብሎ አመነ። ማታ ራት ስንበላ ጠይቂኝ ይለኛል። የእማማን ወንድሞች ስም በቅደም ተከተል፣ የባልዲ ቂጥ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ አንተ የተወለድክ ቀን ዝናብ ነበር ወይስ ፀሐይ። ሁሉንም ይመልሳል፤ መልሶም አያምንም። አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ እንዲህ አለኝ፤ «እንግዲህ የራሴን አፍ ካላወቅኩ ግቢውን እነሱ ቢይዙት ይሻላል። አንድ ቀን የብየዳውን እሳት ሳላጠፋ ወጥቼ አንቺን አቃጥላለሁ።» ጫማውን አስሮ ሲጨርስ እንባውን ጠረገ። እማማ ስትሞት እንኳ እኛ ፊት አላለቀሰም።

በሳምንቱ እትዬ የሽያጩን ቀን ልትቆርጥ መጣች። ስታወራው ቆይታ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ተወችው። የስልኩ መብራት ገና አልጠፋም። ሁለት ጆሮ ተስሎበታል፣ ከሥሩ አንዲት መስመር አለች፤ በመስመሯ ላይ ያለችው ክብ ነጥብ ጥግ ድረስ ወርዳ ተቀምጣለች። በጣቴ ወደ ላይ ገፋኋት። አባባ ዘሎ ተነሳ፤ «ምነው ይሄ ሰዓት እንዲህ ይጮኻል!» አለ። የግድግዳው ሰዓት ነው። መልሼ ዝቅ አደረግኳት፤ ከንፈሬን ማየት ጀመረ። ደግሜ ከፍ አደረግኳት። ጣቴን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ከዚያ ቁጭ አለ። ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እትዬ ገብታ ስታየን ፊቷ አመድ መሰለ። በእኔ ብቻ አትፍረዱ፣ ወንድማችን ነው ያለኝ ብላ ስልኳን አነሳችና የላክህላትን የድምፅ መልእክት ልታስደምጠን ተጫነችው። እኔና እሷ ምንም አልሰማንም። መስሚያው ከስልኩ ጋር የተያያዘ ነውና ድምፅህ ከስልኩ አልወጣም፤ በቀጥታ የሄደው አባባ ጆሮ ውስጥ ነው። እትዬ ደንግጣ ልታጠፋው ብትሞክርም አውቆ እንደተጣበቀ ሁሉ እንቢ አላት። አባባ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማህ። ሲያልቅ የሰማውን ነገረን፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል፦ «ክርክሩን ከሰማ የደም ግፊቱ ይነሳበታል። ነገሩ እስኪያልቅ ዝቅ አድርጊለት። ዝም ካለ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያ ይበቃል።» እንዲህ ብለህ ነበር አይደል? ያን ቀን ጭንቅላቱ ደህና እንደሆነ አረጋገጠ። በምን እንዳረጋገጠ ግን አየኸው።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኛ ቤት ግን አጥሩን የነቀነቀው ነጋዴው አይደለም። ነጋዴውማ ለእንጀራው ነው የመጣው። አንተ እንዴት አስቻለህ? ለደህንነቱ ነው እንደምትል አውቃለሁ። የብየዳው እሳት፣ ሐኪሙ፣ ሽማግሌ ብቻውን መሆኑ፣ ሁሉንም ቆጥረህ ታመጣልኛለህ። እኔስ ምንድን ነኝ? የቤት ዕቃ ነኝ? ከእሱ ጋር የምኖረው እኔ፣ አሳቢው አንተ!

አባባ ሁለቱን ባቄላዎች አውጥቶ ማስቀመጫቸው ውስጥ ከትቶ ለእትዬ ሰጣት። ሳጥኔ የት ነው አለኝ፤ አመጣሁለት። ሽቦው ተበጥሶ ነበር፤ የሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ በየደው፣ አዲስ የባትሪ ድንጋይም ገዛንለት። ከዚያ ሁሉንም አስጠራቸው። ደላላው፣ ነጋዴውና እትዬ በመጡ ጊዜ ሳጥኑን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠና፣ ያን ቀን ያላችሁትን አሁን እዚህ ላይ ድገሙት አላቸው። ሰው እንዲህ ሲጨንቀው አይቼ አላውቅም። ሳጥኑ ላይ ለመናገር ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፤ ጎንበስ ስትል ደግሞ አባባ ከላይ ያይሃል። ደላላው «ወርክሾፑ...» ብሎ ጀመረና ጉሮሮውን ሲጠራርግ ቆየ። ነጋዴው እኔ የሰው ጠብ አልፈልግም ብሎ ተነሳ። እትዬ ተራዋ ሲደርስ ማልቀስ ብቻ ሆነ። አባባ አልተቆጣትም። «ብትጠይቁኝ እሰጣችሁ ነበር» አላት፤ «እኔ እኮ የፎቅሽን ደረጃም አልፈራ፣ ቆርቆሮም ሰልችቶኛል። ብትጠይቁኝ ኖሮ።» ከዚያ ወርክሾፑ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ እስኪመሽ ቀጠቀጠ። ግቢው አይሸጥም። ነገሩ አልቋል።

አሁን ስልኩን ለምን እንዳላመንኩት ልንገርህ። ባለፈው እሁድ ስትደውል ከአባባ አጠገብ ነበርኩ። ያንተ ስም ሲወጣ አየና ስልኩን ከማንሳቱ በፊት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ጎማዋን ወደኋላ አሽከረከራት፤ ቀጭ አለችና መስሚያው ጠፋ። ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ «እሺ ልጄ... አሜን... እሺ ልጄ» አለህ። ለረጅም ጊዜ አወራህ። ምን እንዳልክ እንጃ፣ ምናልባት ይቅርታ ጠይቀኸው ይሆናል። አባባ መስኮቱን እያየ በየመሃሉ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ከዚያ ለእኔ ሲሰጠኝ አንተ በደስታ «ዛሬ አባባ ጥርት አድርጎ ሰማኝ፣ ሁሉንም እሺ አለኝ» አልከኝ። እንኳንም ደስ አለህ ብዬ ዘጋሁት። በሆዴ ይዤው ሳምንት ከረምኩ፤ ግን አልቻልኩም።

በስልክ አትድከም ለማለት ነው። ከመጣህ ና፤ ከፊቱ ተቀመጥና ደረቱ ላይ ጎንበስ ብለህ ተናገር። ካልቻልክ በትልልቅ ፊደል ጻፍለት፤ መነጽሩን አድርጎ ራሱ ያነባል። ለእኔ ግን አትጻፍ፣ በእኔ በኩልም አትላክ። ሌላ ሽቦ መሆን አልፈልግም።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ከዚህ ውስጥ እሷ የለችበትምና አትቆጣት። ትልቁን ልጅህን በርታ በልልኝ። ለትንሿ አያቷ አበባ ማጠጫ ሠርቶላታል፤ ሰው ሲገኝ እልካለሁ። ጫማ ሰፊው «ሬዲዮኑ ሥርጭት ጀመረ» በሉልኝ ብሏል፤ ሬዲዮ ጠጋኙም ሰላም ብሎሃል። እትዬ ሰላም በይልኝ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና በር ላይ ቆማ ትመለሳለች።

አባባን «ምን ብዬ ልጻፍልህ?» አልኩት። ላንተ እንደምጽፍ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብዬ ነገርኩት። ጎማዋን አሽከርክሮ መስሚያውን የሚያጠፋ መስሎኝ እጁን እጁን አየሁ። አላጠፋውም። «እሁድ ዕለት ምን ሲለኝ እንደነበር ጠይቂልኝ» አለኝ።

እህትህ

ከአባባ ግቢ፣ ሰኔ 4 ቀን