ኪሎው ያጎደለው የሚካኤል ጠጅ

የልጆቼ አባት፣ እንዴት ከርመሃል? ከተለየኸኝ ፋሲካም አለፈ፣ ፍልሰታም ተፈታ። እኔ አለሁ፤ ምላሴም አለ፣ ዝም በይ የሚለኝ ነው የጠፋው። ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። መሠረተ ትምህርት ስገባ ስትስቅብኝ አልነበር? በል እንግዲህ አንብበው።

ቤቱ ደህና ነው ብዬ አልዋሽህም። ትንሹ ልጃችን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቶብኛል። "ሚካኤልዬ፣ እሱን ብቻ ጠብቅልኝ፤ ያባቱን የማህበር ተራ አላስታጉልም" ብዬ ተሳልሁ። ማህበርተኞቹም ቦታህን ለሌላ አልሰጡብንም፤ ጽዋውን እኔ ተቀበልሁ። ይኸው ተራችን ደረሰ።

ጠጁን ባንተው ልክ ጣልሁት። በሊትሩ ጠርሙስ ሶስት ማር፣ ለአንዱ ማር አራት ውሃ። ግን ዘንድሮ ገበያ ላይ ማር በጠርሙስ መሸጥ ቀርቷል፤ በሚዛን ብቻ ሆኗል። ጎረቤታችንን ዘውዴን ብጠይቃት፣ "አይ አንቺ! ሊትርና ኪሎ ያው ነው። ውሃ ሲመዝኑ በዓይኔ አይቻለሁ" አለችኝ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚለው እንዲያው ነው። ሶስት ኪሎ ገዛሁ።

ጠጁ ቀጠነብኝ። ያችው ዘውዴ ቀምሳ፣ "እንዴ! ይሄማ ማር ባጠገቡ ያለፈ የጣና ውሃ ነው" አትለኝ መሰለህ! ሳቅሁ፤ ግን ለልጄ የተሳልሁትን ስለት በውሃ ልከፍል ነው?

ሳስበው ሳስበው፣ ዘይት ውሃ ላይ ይሰፍፋል፣ ማር ግን ከስር ይተኛል። ታዲያ እንዴት ክብደታቸው አንድ ይሆናል?

ወንድምህ ለሳልህ ብሎ ከወንዛዬ ፍል ውሃ ያመጣው የማር ጠርሙስ ትዝ ይልሃል? ሳትቀምሰው ሄድህ። እኔም ክዳኑን መንካት አቅቶኝ ከራስጌዬ አኑሬው ነበር። እሱን ታቅፌ ገበያ ሄድሁ። ሚዛኑ ላይ ባንድ ወገን እሱን፣ በሌላው ወገን ባዶ መንትያ ጠርሙሱንና የኪሎውን ብረት ከባለሚዛኑ ጋር አስቀመጥን። ማሩ ወርዶ ቁጭ! ብረት ብንጨምርበት ኪሎ ተኩል ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነው። ሶስት ጠርሙስ ያልሁት ለካ ሁለት ጠርሙስ ከምናምን ኖሯል።

ሌላ ማር ልግዛ ብል ገበያው ላይ አልቋል።

ያንተን ከፈትሁት። ክዳኑ ሲላቀቅ ያ ሁሉ ለቅሶ እንዳዲስ መጣብኝ። ተቻኩዬ የጠጁ ገንቦ ውስጥ ስገለብጠው፣ "ተይ፣ ማር ጥድፊያ አይወድም" የምትለኝ መሰለኝ፤ ጠርሙሱን ዘቅዝቄ እስኪንጠባጠብ ጠበቅሁት። አሁን ገንቦው እንደገና መፍላት ጀምሯል። ለቀኑ ይድረስልኝ አይድረስልኝ እንጃ። ያንን ልጅ እንደምጠብቀው፣ እሱንም ጆሮዬን አስጠግቼ እጠብቃለሁ።

ጠርሙስህን አልጥለውም። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ማር የሚለካው በእሱ ነው፤ ሚዛኑ ያለውን ይበል። ማህበርተኞቹም ተሰብስበው ስምህን ሲጠሩ ዝም አይባልም፤ በሕይወት እስካለሁ አቤት የምልልህ እኔ ነኝ።