ሳልወድቅ አሥራ ዘጠኝ ወር

ሐሙስ፣ ጥር 24 ቀን 1976 ዓ.ም.

አልሄድም ብያት ነበር። ዛሬ ግን አሸነፈችኝ። እምዬ ከይፋግ ከመጣች ሦስት ቀኗ ነው፤ ሦስቱንም ቀን አንድ ነገር ነው የምታወራው። ዘጌ ሄጄ ሰባት ቀን ጠበል እንድጠመቅ። በጠበሉ አልተከራከርሁም። የተከራከርነው በክኒኑ ነው። ጠበልና መድኃኒት አይደባለቅም ብላ ድርቅ አለች።

የሚጥል በሽታ የያዘኝ በልጅነቴ ነው። ፌኖባርቢታል የሚባለውን ክኒን ከጀመርሁ ወዲህ ግን አሥራ ዘጠኝ ወር አልወደቅሁም። ሐኪሜ፣ “ሁለት ዓመት ሳትወድቂ ከቆየሽ ቀስ እያልን እንቀንሰዋለን” ብሎኛል። አምስት ወር ቀረኝ። ይህን ቁጥር የማላስብበት ቀን የለም። ጠመኔ ይዤ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ እንኳ አስበዋለሁ።

“በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው ብሎኛል” ስላት፣ “እሱ ነው የወለደሽ?” አለችኝ። ተነሥቼ ቀበሌ ሄድሁ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር የመንገድ ፈቃድ ወረቀቱን ሲጽፍልኝ ምክንያቱን ጠየቀኝ። ለጠበል ብለው ኖሮ ስለ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ሲያስተምረኝ ይውል ነበር። “ለቤተሰብ ጉዳይ” አልሁት። የእሑዱ ስብሰባ ላይ ቀሪ እባላለሁ። ልባላ!

ዓርብ፣ ጥር 25

በጀልባ ዘጌ ገባን። መሀል ላይ ተቀመጥሁ፤ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ቢጥለኝ ሐይቅ ውስጥ ነው።

የያዝሁት፦ ነጠላ፣ የመጠመቂያ አሮጌ ቀሚስ፣ ሳሙና፣ ያልታረመ የመንፈቅ ዓመት ፈተና (የማርመው መስሎኝ)፣ ክኒን። ክኒኑን በመሐረብ ጠቅልዬ ከፈተናው ሥር ከተትሁት። ለምን እንደያዝሁት እንጃ። ላልውጠው ቃል ገብቻለሁ።

ያረፍነው እትዬ ጥሩ ቤት ነው። የእምዬ የልጅነት ጎረቤት ናት፤ ዘጌ አግብታ ቀረች። ስለ በሽታዬ ታውቃለች። የምጠጣበትን ኩባያ ለብቻው አስቀመጠችልኝ። አላየሁም ብዬ አለፍሁ።

ሁልጊዜ ክኒኔን የምውጠው ከራት በኋላ ነው። ዛሬ ራቴን በልቼ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 26

የጠበሉ ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። ሆኖም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር።

አጥማቂው አባ እርጅና የተጫናቸው፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ስለ ክኒኑ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት እምዬ ቀደመችኝ። “መድኃኒቱንም ትታዋለች፣ አባ” አለቻቸው። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይሁን ማለታቸው ይሁን፣ አልሰማሁም ማለታቸው ይሁን አላወቅሁም።

እሑድ፣ ጥር 27

ክኒን ሳልውጥ ሁለት ማታ አለፈኝ። ቀኑን ሙሉ ራሴን ስጠባበቅ ዋልሁ። የግራ አውራ ጣቴ ሁለት ጊዜ ዘለለ። የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ። እትዬ ጥሩን የሚቃጠል ነገር አለ ወይ ብላት የለም አለችኝ። ድሮ ከመውደቄ በፊት ይሸተኝ ነበር። ወይስ ፍርሃት ነው? ፍርሃት ይሸታል?

አሥራ አራት ወረቀት አረምሁ። ይህም ድል ነው።

ከሰዓት በኋላ እምዬን ዛፍ ሥር አስቀምጬ፣ ሐኪሙ ያለኝን በተራዬ አስተማርኋት። አንጎላችን ውስጥ መልእክት በኤሌክትሪክ እንደሚሄድ፣ የእኔ አንዳንዴ ሁሉም ባንድ ጊዜ እንደሚነሳ፣ አሁን ይህንን ወረቀት ላይ የሚስል መሣሪያ እንዳለ። ስወድቅ ከአፌ በሚወጣው አረፋ እንደማይተላለፍም ነገርኋት። ብወድቅ በጎኔ አስተኚኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም አታግቢ፣ ክብሪት አታሽትቺኝ አልኋት።

“አትወድቂም” አለች።

“ብወድቅስ?”

“ሰይጣን ስማኝ ብለሽ ነው የምትጠሪው!” ተቆጥታ ተነሳች።

ሰኞ፣ ጥር 28

ወደቅሁ።

እጄ ይደክመኛል። ምላሴን ነክሼዋለሁ። ከጠበሉ ስንመለስ በቡናው ጫካ መሀል ያለው መንገድ ላይ ነው አሉ። እኔ የማስታውሰው ውኃውን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

የቀረውን የነገረችኝ እምዬ ናት። አብረውን ይመለሱ የነበሩት ሰዎች እንዳይነኩኝ ሸሹ። እትዬ ጥሩ ክብሪት ልትጭር ስትል፣ እምዬ “ወዲያ!” ብላ እጇን መታቻት። ከዚያ በጎኔ አስተኝታ ነጠላዋን ከራሴ ሥር አደረገች፤ እስክነቃ ድረስ አልለቀቀችኝም። ልጅ ሳለሁ ስወድቅ ራቅ ብላ ቆማ ታለቅስ ነበር። ዛሬ ይዛኝ አለቀሰች።

አባ ሰምተው መጡ። “መድኃኒቱን ማን ተዪ አላት?” ሲሉ እምዬ ደነገጠች።

“ደንብ አይደለም እንዴ፣ አባ?”

“እኔ ተዪ አላልሁም። ጠይቃችሁኝ ነበር?”

አልጠየቅናቸውም። ደንብ ነው ብላ እሷ አመነች፤ ደንብ ነው ብዬ እኔም ዝም አልሁ። እኔ እንኳ፣ አስተማሪዋ። አሥራ ዘጠኙ ወር በዝምታዬ ሄደ። ተናድጃለሁ። እሷ ላይም፣ እኔ ላይም።

እምዬ ራሷ ከረጢቴን ከፍታ መሐረቡን አመጣችልኝ። ለካ መያዜን ታውቅ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 29

በመጀመሪያው ጀልባ ተመልሰን ከወደቡ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀኝ። እኔ ሳልመልስ እምዬ፣ “እኔ ነኝ ያስቆምኋት” አለች። እኔም “እኔ ነኝ ያቆምሁት” አልሁ። ሐኪሙ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በነበረው መጠን ትቀጥላለሽ፣ ሁለቱ ዓመት ግን ከትናንት ጀምሮ ይቆጠራል አለኝ።

ልንወጣ ስንል እምዬ በሩ ላይ ቆመች።

“ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እሷን ፀንሼ ሳለሁ ቀትር ላይ ብቻዬን ወንዝ ወረድሁ። ከልክለውኝ ነበር። ከዚያ ነው የያዛት?”

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለእኔ አልነገረችኝም። ጠበል ጠበል የምትለው ለካ ለሁለታችን ነበር።

ሐኪሙ ወንበር ሰጣት። “አይደለም፣ እናቴ” አላት። “በወሊድ ጊዜ በሚደርስ ጉዳት ይመጣል፣ በልጅነት በሚይዝ ከባድ ሕመም ይመጣል። የብዙው ሰው ግን መነሻው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ወንዝ በመውረድ አይመጣም። እርስዎ ያጠፉት የለም።” እምዬ መሬት መሬቱን እያየች ሰማችው።

ማታ ክኒኔን ከነውኃው አቀረበችልኝ። እስክውጥ ቆማ ጠበቀችኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 30

አልወደቅሁም። ጣቴም አልዘለለም። የፈተናው ወረቀት አሁንም እንደተከመረ ነው።

ጥዋት ድንች ስንልጥ ጠየቅኋት።

“የሐኪሙን ነገር አመንሽው?”

“ግማሹን።”

“የትኛውን ግማሽ?”

“መድኃኒቱን አመንሁ። የወንዙን ግን እሱ ምን ያውቃል? እዚያ አልነበረ።”

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ጠፋ። ድንቹን አስቀምጬ አቀፍኋት፤ “ቢላዋውን ተጠንቀቂ” አለችኝ።

ነገ ወደ ይፋግ እመለሳለሁ ብላለች። ለእኔ ክኒን አለኝ። ለእሷ የወንዝ ጸጸት ግን ምን እንደሚሰጥ አላውቅም። እስከ ፋሲካ ቆዪልኝ ልላት ነው፤ እሺ ትለኝ ይሆን?