ቆሻሻ ተብሎ ስለተመዘገበው የአያቴ ቤት

ለክቡር የከተማችን የመኖሪያ ቤቶች ክፍል ኃላፊ፤

የዝናቡ ወራት ገብቶ ኮረብታው ሁሉ በጉም በተሸፈነበት በዚህ ሰሞን፣ ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎና ከነማኅተምዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም ደህና ነኝ፤ እስከ ሰኞ ድረስ ቤትም አለኝ።

ሰኞ ጠዋት የአያቴ የአናጢው ቶኪጂ ቤት በኤክስካቫተር ተሰባብሮ፣ በቦታው ፋብሪካ ውስጥ ተሠርተው በመኪና የሚመጡ አሥራ ሁለት «አረንጓዴ ቤቶች» እንደሚተከሉ በደብዳቤ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። መሬቱ የከተማው ስለሆነ እምቢ ማለት አልችልም። የለመንኩት ቤቱ በእጅ ተፈታትቶ አክስቴ ግቢ ውስጥ እንደገና እንዲቆም ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። እርስዎም ዕቃዬን እንዳወጣበት ሁለት ቀን ሰጡኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ከደብዳቤዎ ጋር የመጣው፣ ቤቶቹ «አረንጓዴ» የተባሉበትን ምክንያት የሚያስረዳው በራሪ ጽሑፍ፣ አንዱ አዲስ ቤት ሲሠራ የሚወጣው ቁርጥራጭ አንድ ጆንያ እንደማይሞላ ይገልጻል። አምናለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህንኑ ስለሆነ፣ ጣሪያ ሥር የተሠራ ቤት ሜዳ ላይ ከሚሠራው ያነሰ እንጨት እንደሚያባክን አውቃለሁ። ያልተማርኩት የብክነቱ ቆጠራ ከፋብሪካው በር እንደሚጀምር ነው። የሚሰባበረው የአያቴ ቤት በየትኛው ጆንያ እንደተቆጠረ ጸሐፊዎን አቶ ኦባታን ብጠይቃቸው፣ ትሑት ሰው ናቸውና አቀርቅረው፣ «ሚዮሪ፣ እኔ ምን ላድርግሽ? ቅጹ ላይ የድሮ ቤት የሚሞላበት ቦታ የለም» አሉኝ። ቅጹን ስላዘጋጁልን አመሰግናለሁ።

2. ቤት ውስጥ ተቆርጦ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በአንድ ቀን የሚቆም፣ ሲያስፈልግም ተፈትቶ ሌላ ቦታ የሚተከል ቤት የዘመኑ ግኝት መሆኑንም ከዚያው ጽሑፍ ተረዳሁ። አያቴ የበረዶውን ወራት ሙሉ የእንጨት መሥሪያው ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ምሰሶና ወራጅ ቆርጦ፣ በየጫፋቸው በቀለም ቁጥር ጽፎ፣ አንድ ምስማር ሳይመታ በአንድ ቀን አቆማቸው፤ አዲስ ቤት ሲቆም እንደሚደረገው ወግ ከጣሪያው አናት ላይ ሆኖ የሩዝ ሙልሙል ሲበትንም ጎረቤቱ እየተጋፋ ለቀመ። እናቴ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ወንዙ ተገድቦ የቀድሞው መንደር በውኃ ሊዋጥ ሲል ቤቱ ተፈታ፤ እነዚያው ቁጥሮች እየተነበቡ እዚህ ኮረብታ ላይ ቆመ። አያቴ ያስተማራቸው የሰማንያ አንድ ዓመቱ አናጢ ጋሽ ኩራታ፣ መዶሻቸውን እንደያዙ ቢሮዎ መጥተው፣ «የእናንተውስ ቤት ተፈትቶ ያውቃል?» ብለው ነበር። «አያውቅም፤ ግን ሊፈታ ይችላል» ተባሉ። ዕድሜ ልካቸውን ላጤ የኖሩት ጋሽ ኩራታ፣ «እኔም እኮ ማግባት እችል ነበር» ብለው ወጡ።

3. የአያቴ እንጨት የፋብሪካ ምስክር ወረቀት ስለሌለው፣ በመመሪያዎ መሠረት ዕቃ ሳይሆን ቆሻሻ ተብሎ ተመዝግቧል። ዛፎቹን የተከለው የአያቴ አባት ነበር፤ ችግኝ ሲያጠጣ ምስክር ወረቀት እንዲያወጣ የነገረው አልነበረም። ጥፋቱን በቤተሰቡ ስም እቀበላለሁ።

4. አራተኛም ነበረኝ፤ ደከመኝ። ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፣ ሦስት ጊዜ «ደርሶናል» የሚል ወረቀት ተቀበልኩ። ትናንት ቁጥሮቹን ከየምሰሶው ላይ አንድ በአንድ ወደ ደብተር ገለበጥኩ። ለምን እንደሚጠቅመኝ አላውቅም። ከሰኞ በኋላ ቁጥሩ እንጂ እንጨቱ አይኖርም።

የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ እየተመኘሁ፣ በአረንጓዴው መንደር ምረቃ ዕለት ከአጥሩ ውጭ ቆሜ እንደማላጨበጭብ በታላቅ አክብሮት አረጋግጥልዎታለሁ።

ሚዮሪ ካሴዳ
እስከ ሰኞ የዚሁ ኮረብታ ነዋሪ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ዕለት የኤክስካቫተሩ ሹፌር ቤቱን ሊያይ መጥቶ ነበር። ሰኞ የሚያፈርሰው ቤት በር ላይ ሰው ቤት ሲገባ እንደሚደረገው ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀና፣ የጫማውን አፍንጫ ወደ ውጭ አዙሮ ደርድሮ ገባ። ከእርስዎ ቢሮ የመጡት ሦስት ባለሙያዎች ግን ከነጫማቸው ነበር የገቡት። አልተቀየምኳቸውም፤ በመዝገብዎ መሠረት ልክ ናቸው። ቆሻሻ ላይ ሲወጣ ጫማ አይወለቅም።