በአጥሩ ላይ የቀረው ነጠላ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለሀብተየስ፤ ጅቡቲ።

እንዴት ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ያ የሚያምህ ጉልበትህ ተሻለው? ባለቤትህ ሶሲ እና ልጃችሁ ፋኑኤልስ በጤና አሉ? እኛ ደህና ነን፤ ጅጅጋም ነፋሷን ይዛ እንዳለች ናት።

ለልጄ ለናዝሬት ሠርግ እንደማትመጣ የላክኸው ቃል ደረሰኝ። አባቷ ከሞተ ወዲህ በአባት ቦታ ቆሞ የሚመርቃት ከአንተ ሌላ የላትም። «እንደ አክስት ‹እዶ› የምንላትን ጎረቤታችንን ሙልኪን በምን ዓይኔ አያታለሁ» ማለትህን ካነበብኩ ጀምሮ እህል አልወርድልህ አለኝ። ሦስት ጊዜ ደውዬ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍኩ፤ ፊደሉን ራሴ የለቀምኩት ነውና ግድፈቱን እለፈው።

የ1969ኙን የሶማሊያ ጦርነት ክረምት አትረሳውም። አውሮፕላን ነጭ ነገር ካየ ይወርድበታል ተብሎ ቆርቆሮውን ጭቃ ቀባነው፤ ነጭ ዶሮዎቻችን ላይ ሳይቀር ቅርጫት ደፋንባቸው። ድምፅ ሲሰማ የታጠበ ልብስ ከአጥር ማንሣት ያንተ ሥራ ነበር። ያን ቀን ግን ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ «የእማማን ነጠላ አደራ» አልከኝ፤ እኔም እሺ አልኩ።

ከእዶ ሙልኪ ልጅ ከቢሻሮ ጋር አጥሩ ሥር እየተጫወትን ሳለ ድምፁ መጣ። ስሮጥ ቢሻሮ «ፈሪ! አንቺን ምን ብሎ ይፈልግሻል፣ ሥጋ የለሽ!» እያለች ሳቀችብኝ። ነጠላው እጄ ሥር ነበር። አይቼው አለፍኩና አልጋ ሥር ገባሁ። መሬቱ ከሥሬ ዘለለ። አቧራው ሲረግፍ የእዶ ሙልኪ ጩኸት ተሰማኝ፤ ቢሻሮ አጥሩ ሥር ቀርታለች።

አባባ መጥቶ ነጠላውን አየና «ይህን ማን ተወው?» ሲል እኔ «ሀብተየስ» አልኩ። አንተ ባልዲህን እንደያዝክ በሩ ላይ ቆመህ አየኸኝ፤ ከዚያ ባልዲውን አስቀምጠህ ወደ አባባ ቀረብክ። በለቅሶተኛው ፊት በቀበቶ ሲገርፍህ፣ «የዚህች ልጅ ደም ያንተ ነው» ሲልህ፣ እዶ ሙልኪ ትሰማ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመትህ በደወሌ በኩል ድንበር ተሻግረህ ስትጠፋ ሰዉ ሥራ ፍለጋ ነው አለ። እኔ ግን አውቅ ነበር።

ባለፈው ዓርብ ሄጄ ለእዶ ሙልኪ ሁሉንም ነገርኳት። «ወርቄ፣ አውሮፕላኑ የፈለገው የጦር ሰፈሩን ነው። የእኔም ነጭ ሻሽ ያን ቀን ውጭ ነበር» አለችኝ። እፎይ ልል ስል ቀጠለች፤ «ያንን ልጅ ግን እስኪሄድ ድረስ ሰላምታውን አልመለስኩለትም። እሱን ያስደረግሽኝ አንቺ ነሽ» አለች። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይ ሳትሰጠኝ ከቤቷ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ግን «ሲመጣ መጀመሪያ እኔ ቤት ይግባ» ብላ ተጣራች።

ለናዝሬትም ነግሬያታለሁ። ይኸው ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ አላናገረችኝም።

ና አልልህም፤ ያንን የመለመን አፍ የለኝም። ከቀረህ ግን «አጎቷ የት አለ?» ለሚለኝ ሁሉ፣ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ፣ በእኔ ውሸት የቀረ መሆኑን እናገራለሁ።

ሶሲን በእኔ ስም እቀፋት። ፋኑኤልን ጉንጩን ሳምልኝ። እዶ ሙልኪም ሰላም ብላሃለች።

እኅትህ ወርቅአገኘሁ
ጅጅጋ፣ ኅዳር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.