ናፍጣ የወጋው እጅ

ውድ ልጄ፣

ከሰላምታው በፊት ይህን ተረዳልኝ፤ ሞተር እየሠራ ሳለ ናፍጣ የሚያፈስበትን ቦታ በእጅህ እየዳበስህ አትፈልግ። አሁን ሰላም ልበልህ። እንዴት ነህ? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ባለቤትህስ? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደኅና ነን ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም።

አጎትህ ቀኝ እጁን አጥቷል። ባለፈው ወር ጋራዡ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና አስነሥቶ ሳለ ናፍጣ ሸተተውና እንደ ልማዱ ቧንቧዎቹን በጣቱ ዳበሰ። አንተንም ያስተማረህ እንደዚሁ ነው። «የኔ ጣት እንዳንተ መነጽር አያስፈልገውም» እያለ ይቀልድብኝ እንደነበር ታስታውሳለህ። መርፌ የነካው ያህል ተሰማው፣ ተወው። ለምሳ ሲመጣ አሳየኝ፤ ከነጥብ የማትበልጥ ቀዳዳ ናት፣ ደም እንኳ የላትም። ዕድሜ ልኬን ሳይንስ ያስተማርሁ ሰው «በሳሙና ታጠብና ብላ» አልሁት። በማግስቱ እጁ አብጦ ጠቁሮ ነበር። ሐኪሙ «ያኔውኑ ብትመጡ ኖሮ» አለና እጁን ሊቆርጠው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገባው።

ማወቅ የነበረብኝን ዘግይቼ ተማርሁ። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም፤ ፒስተኑ አየሩን አምቆ ያግለዋል፣ ናፍጣው እዚያ ላይ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። እንደ ጉም ደቅቆ እንዲረጭ ግን በኃይል መገፋት አለበት። ስለዚህ አንዱ ፓምፕ ከማጠራቀሚያው በፊልትሮ አጣርቶ ያመጣዋል፣ ሁለተኛው ወደ አንድ ወፍራም ቱቦ ያጭቀዋል። በአዲሶቹ መኪኖች የዚያ ቱቦ ግፊት ከጭነት መኪና ጎማ ግፊት ሁለት መቶ እጥፍ ያልፋል። ከዚያ በቀጫጭን ቧንቧዎች ናፍጣውን ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች ይሄዳል፤ እነሱም ከዓይን ጥቅሻ ላነሰ ጊዜ ተከፍተው ይዘጋሉ። አንዱ ቧንቧ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካበጀ የሚወጣው ናፍጣ ለዓይን አይታይም፤ ጓንቱንም ቆዳውንም ወግቶ በጅማቱ ሥር ይሰራጫል።

ሞተሩን አጥፋ፤ ግፊቱ እስኪወርድም ጠብቅ። እየሠራ መፈለግ ግድ ከሆነብህ ረጅም ካርቶን ከሩቅ ያዝበት፣ ናፍጣው በእጅህ ፋንታ ካርቶኑን ያርጥብ። ከወጋህም ሕመሙን አትጠብቅ፤ ወዲያውኑ ወደ ቀዶ ሐኪም ሂድና በግፊት የገባ ናፍጣ መሆኑን ንገረው።

አጎትህ አጠገቤ ተቀምጧል። «እኔ ያሳየሁትን እንዲተወው ጻፍለት» አለኝ። እናትህና እኅትህ በናፍቆት ይስሙሃል። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ትንሿንም ሳምልኝ።

ቶሎ መልስልኝ። አንዲት መስመር ትበቃኛለች። ግን ስልክ አትደውል፤ በቀኝ እጅህ ጻፍልኝ።

አባትህ
ከቤት፣ የካቲት 11 ቀን