ባለ ጨርቁ ጠመንጃ ጠጋኝ

ዛሬ የምንሸኛቸው ጠመንጃ ጠጋኝ፣ ብዙዎቻችሁ «ባለ ጨርቁ» እያላችሁ የምትጠሯቸው፣ ከቁልፍ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ግድግዳዋ ስስ ስለነበር በሕፃንነታቸው የሞረድ ድምፅ ካልሰሙ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው እናታቸው ይናገሩ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ሲወለዱ፣ እናታቸው ከስፌት መኪናው ላይ ስለማይነሡ፣ ሕፃኑን አዝለው የሚያስተኙት እርሳቸው ነበሩ።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። በ1964 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው ቶርኖ ቤት ተቀጠሩ። የብረት ሥራ እጃቸው የተፈታው እዚያ ነው። ከአባታቸው የወረሱት አንድ አሮጌ የአደን ጠመንጃ ነበር፤ አንድ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ሌላው እንዲገባ መቀርቀሪያው በእጅ የሚሳብ ዓይነት ነው። ያን ጠመንጃ እየፈቱ፣ እየገጠሙ፣ እያበላሹ፣ መልሰው እያቃኑ ሙያውን ተማሩ። በ1974 ዓ.ም. ፈቃድ አውጥተው በአባታቸው ሱቅ ውስጥ ሥራ ጀመሩ።

በ1977 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ። ልጆቹ ሲያድጉ የቤት ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ ከሱቁና ከቤቱ መካከል ያለውን በር አባት ሳይጠራ ማንም አይከፍትም። የልጆቹ እናት ግን በዚያ አልረኩም፤ በሩ ላይ መቀርቀሪያ አስገጠሙ፣ ቆይተውም ሁለተኛ ጨመሩበት። ጠመንጃ ጠጋኙ «እስር ቤት አገባሁ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ሥራቸው በአብዛኛው አሮጌ የአደን ጠመንጃዎችን ማሻሻል ነበር። የአሮጌ ጠመንጃ ምላጭ ሲስቡት ከባድና ጎታታ ነው፤ እርሳቸው በጥሩ መሳያ ድንጋይ አለስልሰው፣ ምላጩ ሳይጎተት እንዲለቅ ያደርጉታል። ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚቆልፈውን መጠበቂያም ይቀይራሉ። አሮጌው መጠበቂያ ወደ ላይ ተነሥቶ የሚዞር ስለሆነ፣ ማነጣጠሪያ መነጽር ሲገጠምበት መዞሪያ ቦታ ያጣል፤ ስለዚህ ከጎን የሚገፋ አጭር መጠበቂያ ይሠሩለታል። ሥራው ሲያልቅ ባዶውን ጠመንጃ ይደግኑና ይቆልፋሉ፤ ከዚያ ምላጩን ይስባሉ፣ ሰደፉንም በጎማ መዶሻ ይመታሉ። ቀጭ ካለ፣ ገና ነው። ካላለ ለባለቤቱ ይሰጣል። እስከ 1999 ዓ.ም. ፈተናው ይኸው ነበር።

በ1999 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ በየራሳችሁ መንገድ ሰምታችኋል። እርሳቸው ግን «ሕይወቴ ሲነበብ ይህ እንዳይዘለል» ብለው ስላዘዙ እንጽፈዋለን። ባለቤታቸው እንዲቀር ለምነው ነበር። «ካልጻፍሽው ለቀስተኛው ራሱ ይጽፈዋል፤ ለቀስተኛ ደግሞ ጨው ያበዛል» አሏቸው።

ታናሽ ወንድማቸው አዳኞችን ጫካ ለጫካ የሚመሩ፣ በዚህ ሥራ የታወቁ ሰው ነበሩ። የሚይዙትም ከታላቃቸው ተውሰው ያንኑ የአባታቸውን ጠመንጃ ነበር። መነጽር ሊያስገጥሙበት ፈልገው ሱቅ መጡ። «ምላጩን እንደ ላባ አድርግልኝ» አሉ። ጠመንጃ ጠጋኙ ለሌላ ሰው ያን ያህል አያቀሉም፤ ለወንድማቸው ግን እምቢ ማለት አልቻሉበትም። መጠበቂያውንም ቀየሩት። በአሮጌው ወደ ቀኝ ሲገፋ ጠመንጃው ይቆለፋል። በአዲሱ ወደ ቀኝ ሲገፋ ለመተኮስ ይከፈታል። ይህንን ነገሯቸው፤ አሳዩአቸው፤ ወንድማቸውም ችኩል ነበሩና «ገባኝ፣ ገባኝ» እያሉ ጠመንጃውን አንግተው ወጡ። የአደን ወቅት ሊከፈት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ወንድማቸው አነጣጥረው ሳይተኩሱ ቀሩ። ከድንጋይ ሊወርዱ ሲሉ አውራ ጣታቸው፣ ሃያ ዓመት እንደለመደው፣ መጠበቂያውን ወደ ቀኝ ገፋ። የቆለፉት መስሏቸው ነበር። ሲወርዱ ምላጩን ጭራሮ ነካው፤ ጥይቱም የገዛ እግራቸውን መታ። እግሩን ከጉልበት በታች ማዳን አልተቻለም።

ከዚያ በኋላ ጠመንጃው ወደ ሱቁ ተመለሰ፤ ወንድማማቾቹም ተለያዩ። ወንድማቸው በሰው ፊት «ሰውዬው እግሬን ሞረደው» ይሉ ነበር። ጠመንጃ ጠጋኙ ይህ ሲደርሳቸው ሱቁን ለወራት ዘጉት። ባለቤታቸው ምግብ ሲያቀርቡላቸው እጃቸው ሳህኑ ላይ እንዳለ አውራ ጣታቸውን ወዲህና ወዲያ ሲያንቀሳቅሱ ያዩአቸው ነበር። አንድ ቀን ጠመንጃ ጠጋኙ እንዲህ አሏቸው፦ «ጠመንጃው ተፈትኖ አልፏል። ያልተፈተነው ሰውዬው ነው። እኔ ደግሞ ይህን ማወቅ ነበረብኝ።»

ሱቁን መልሰው ሲከፍቱ ያ የምታውቁት ጨርቅ መጣ። መጠበቂያ የተቀየረለት ሰው ሁሉ ጠመንጃውን ከመውሰዱ በፊት፣ ጥይት በሌለበት፣ ዓይኑን በጨርቅ ታስሮ መቆለፍና መክፈት ነበረበት። በመሐል ባለቤታቸው ከኋላ ቆርቆሮ ይመታሉ፤ ሰው ሲደነግጥ እጁ ወደ አሮጌው ልማድ ይሮጣልና። ከተሳሳተ ሌላ ቀን ይመለሳል። ደንበኞች ተማርረዋል። «ኩኩሉ ልንጫወት ነው እንዴ የመጣነው?» ያሉ አሉ። እርሳቸውም «ዓይንህማ ያውቃል፤ ያላወቀው ጣትህ ነው» ይሏቸዋል። ተናደው ሌላ ጠጋኝ ጋ የሄዱም ብዙ ናቸው። በእያንዳንዱ ጠመንጃ ላይ በምትንጠለጠለው ወረቀት የመጠበቂያውን ሁለት አቅጣጫ «ይተኩሳል» እና «አይተኩስም» ብለው የሚጽፉት፣ ያን ጊዜ ፊደል በመማር ላይ የነበሩት ባለቤታቸው ነበሩ። አንዲት «አይ» ከረሱ ሰው የሚሞት እየመሰላቸው ደጋግመው ያነቡት ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም ያዛቸው። መተንፈስ ሲከብዳቸው አልጋቸው ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ክፍል ተዛወረ። በዚያ ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ሳይጠሩ፣ ወንድማቸው በክራንች መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«የአባቴን ጠመንጃ ልወስድ ነው» አሉ።

«ቁጭ በልና ጨርቁን እሰር።»

«ለእኔም?»

«ለአንተ አይደል የተሰፋው!»

ወንድማቸው ዓይናቸውን ታሰሩ። ባለቤታቸው ቆርቆሮውን መቱ። አውራ ጣቱ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ምላጩ ሲሳብም ባዶው ጠመንጃ ቀጭ አለ።  ወንድማቸው ጨርቁን ሳያወልቁ «ይደገም» አሉ። በማግስቱም መጡ፤ በሌላውም ቅዳሜ መጡ። አንዳንዴ ይሳካላቸዋል፤ ቆርቆሮው ሲመታ ግን ጣቱ ወደ ድሮው ይመለሳል። ታማሚው ከአልጋቸው ላይ እያሳሉ «ቀስ፣ ቀስ፣ ግራ ነው» ይሏቸዋል። ወንድማቸውም «ዝም በል፤ አንተ ስትናገር ነው የሚጠፋብኝ» እያሉ ይመልሱላቸዋል። ባለቤታቸው ጠብ ይነሣል ብለው እየሰጉ በመሐላቸው ይቆሙ ነበር።

ክረምቱ ሲያልቅ ጠመንጃ ጠጋኙ ቁርጡን ተናገሩ። «አልሰጥህም። ጣትህ አልተማረም።»

«የአባቴ ነው እኮ!»

«የአባታችን ነው። የቀረህ እግር ግን አንድ ነው።»

 ወንድማቸውን ሳቅ አመለጣቸው፣ ክራንቹም ከእጃቸው ወደቀ። «እሺ ጋሼ» አሉ። ከአደጋው ወዲህ በዚህ ስም ጠርተዋቸው አያውቁም ነበር። ታማሚው የጠመንጃውን መቀርቀሪያ እንዲፈቱት አዘዟቸው፤ እያንዳንዱን ብሎን በጣታቸው እያመለከቱ መተኮሻ መርፌውን በወንድማቸው እጅ አስወጡት። ጠመንጃው ከእንግዲህ አይተኩስም።

ጥፋቱ የማን እንደነበር ግን አልተነጋገሩም። ጠመንጃ ጠጋኙ እስከ መጨረሻው «የእኔ ነው» ይሉ ነበር። ወንድማቸው ምን እንደሚሉ አልጠየቅናቸውም። ዛሬ በመካከላችን ቆመዋል፤ ይህን በማንበባችን ቢከፋቸው ይቅር ይበሉን፤ የታዘዝነውን ነው ያደረግነው።

ጠመንጃ ጠጋኙ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ባሉበት አረፉ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ፤ ሦስት የልጅ ልጆችም አይተዋል። ከልጆቻቸው መካከል ሙያውን የያዘ የለም፤ እናታቸው በዚህ ፈጣሪን ያመሰግናሉ፣ አባታቸውም ይህን ያውቁ ነበር።

በእርሳቸው በኩል ያለፈ ጠመንጃ በእጃችሁ ያለ ሁሉ፣ ከመንካታችሁ በፊት ጣታችሁን ጠይቁት። ፈጣሪም፣ እርሳቸው ለሰው ይጠነቀቁ እንደነበረው፣ ለነፍሳቸው ይጠንቀቅላቸው።