ዴንማርክ ያልኖርኩበት ሁለት ዓመት

ሰኞ

ጉድ ፈላ። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ መኩሪያ አንድ ዲቪዲ አስጨበጡኝ። ማይን ወንዝ ዳር ከሚዘረጋው ፍሎማርክት፣ ከአሮጌ ዕቃ መሀል ያገኙት የዴንማርክ ፊልም ነው። የጀርመንኛ ጽሑፍ ከሥሩ የለውም። «አንተ አገሩን ታውቀዋለህ፣ የፊታችን እሑድ አንተ ታስተረጉምልናለህ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ጋሽ መኩሪያ ጡረታ የወጡ የኬሚካል መሐንዲስ ናቸው። በወር አንዴ፣ ፍራንክፈርት፣ ኖርድኤንድ ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ፣ ለኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ትልልቅ ሰዎች ፊልም ያሳያሉ። አንዳችን ከፊት እንቀመጥና ከሥር የሚያልፈውን ጀርመንኛ እያነበብን በአማርኛ ጮክ ብለን እንናገራለን። ሴቶቹ «እሱስ ምን አላት?» እያሉ ያቋርጡናል። እስከ ትናንት ድረስ ደስ የሚለኝ ነገር ነበር።

ችግሩ ዴንማርክን ከካርታ ላይ በስተቀር አላውቃትም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር የነበርኩት እስር ቤት ነው፤ ከፍራንክፈርት የአንድ ሰዓት መንገድ። እህቴ ትዕግሥት ግን ለሰው ሁሉ «ዮናስ ኮፐንሃገን ሥራ አግኝቶ ሄደ» ብላለች። ለምን ዴንማርክ? ብዬ ጠይቄአት ነበር። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ያገኘቻት ሱቅ ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ትዕግሥት የያዘችው ቅቤ የዴንማርክ ነበር።

ማክሰኞ

ከሥራ መልስ አየሁት። የምሠራው ዚንድሊንገን፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ቱታ የሚታጠብበት ቬሸራይ ውስጥ ስለሆነ ቤት የምገባው እጄ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ነው።

ፊልሙ ስለ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከእስር ስለወጣ ሰው። ከዓለም ፊልም ሁሉ!

ሰውዬው ግዙፍ ነው፣ እስከ አንገቱ ተነቅሷል። ወደብ ላይ ጀልባ ያጥባል። መለወጥ ይፈልጋል፤ ይኼ ያለ ቋንቋም ይታያል። የድሮ ጓደኛው በየቀኑ በመኪና መጥቶ ይጠብቀዋል። ጭቃ፣ ዝናብ፣ ጡጫ። ከሁለት ሰዓት ሙሉ የገባኝ አንድ «ታክ» የሚል ቃል ነው፤ እሱንም ምስጋና ይሆናል ብዬ ገመትኩ።

ስልኬን ቴሌቪዥኑ ሥር ይዤ የትርጉም አፕ ሞከርኩ። ፖሊሱ ሲጮህ «ድንቹ እርጥብ ነው» ብሎ ጻፈልኝ።

ረቡዕ

ያሉኝ መንገዶች፦

መታመም። ጋሽ መኩሪያ ሾርባ ይዘው ኒድ፣ ትዕግሥት ቤት ድረስ ይመጣሉ።
ዲቪዲውን መስበር። የሽማግሌ ዕቃ ነው፣ ነውር ነው።
ፈጥሬ ማውራት።
እውነቱን መናገር።

እራት ላይ ይኼን የመጨረሻውን መንገድ ለትዕግሥት አነሳሁላት። እጇን ከሳህኑ አነሳች። «አንተ ትናገርና ይወጣልሃል። እኔ ግን በየሳምንቱ ተመልሼ እነሱ መሀል እቀመጣለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ልትጠይቀኝ በየሁለት ሳምንቱ ባቡር ይዛ የመጣች እሷ ናት፤ ስፈታም ሶፋዋን የሰጠችኝ እሷው። እንደማልናገር ቃል ገባሁላት።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የኔን ዲቪዲ ሊያወጣው ነው።

ሐሙስ

ዛሬ አንድ ነገር ገባኝ። ቃሉን ባላውቅም የሚባለውን አውቃለሁ። ሰውዬው የበቬሩንግ፣ ማለት የአመክሮ፣ ተቆጣጣሪዋ ፊት ተቀምጦ ጉልበቱን ያርገበግባል። ሴትዮዋ ምን እንደምትጠይቀው ማን ይነግረኛል? በየወሩ እኔንም ይጠይቁኛል። የት ትኖራለህ፣ ከማን ጋር ትውላለህ፣ ሥራው እንዴት ነው።

ሰውዬው ቅጽ የሚሞላበት ቦታ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። እስር ቤት ለሁሉ ነገር አንትራግ፣ ማለት ማመልከቻ፣ ይጻፋል፤ ለስልክም፣ ለአንሶላም፣ ለሐኪምም። የተፈታሁ ሰሞን ትዕግሥት ሥራ ላይ ሆና፣ ቅዳሜ የልብስ ማጠቢያውን እንድጠቀም ይፈቀድልኝ ዘንድ ብዬ ጽፌ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተውኩላት። ስታነበው እስኪያማት ሳቀች። ቀጥላ አለቀሰች።

ማስታወሻ እየያዝኩ ግማሹን ጨረስኩ። ጥሩ አማርኛ እያወራ ነው ሰውዬው።

ዓርብ

አንድ ቦታ ላይ ተቸገርኩ።

ወደ መጨረሻው ሰውዬው የበደላት አሮጊት ቤት ይሄዳል። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ረጅም ነገር ይናገራል። እሷ ታየውና አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ትመልሳለች። ፊቷ ምንም አይናገርም። ምን እንዳለችው አላውቅም።

«ይቅር ብዬሃለሁ» ማለት ይቻላል። «ከቤቴ ውጣ» ማለትም ይቻላል። ማንም አያውቅብኝም። ግን አልቻልኩም።

የኔን እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ የትም ጽፌው አላውቅም። ፓኬት አመላላሽ ነበርኩ። የትኛው ቤት ሰው እንደሌለበት ለሁለት ሰዎች እነግራቸው ነበር። አንዱ ቤት ሰው ነበረበት። ሽማግሌው ተገፍተው ወደቁ፣ ዳሌአቸው ተሰበረ። እጄን አላነሳሁባቸውም እያልኩ አንድ ዓመት ተከራከርኩ። ከዚያ መከራከሩ አስጠላኝ። በጠበቃዬ በኩል ደብዳቤ ላክሁላቸው። አልመለሱልኝም። የመመለስ ዕዳ የለባቸውም። አፍራለሁ፣ በጣም አፍራለሁ። እሳቸው ያላሉትን ቃል አሮጊቷ አፍ ውስጥ እንዴት አድርጌ ልጨምር?

ቅዳሜ

ትዕግሥት ሸሚዜን ተኮሰችልኝ። ያቺን የአሮጊቷን ቦታ ሳል ይዞኝ ባልፋትስ?

እሑድ

ሃያ ሰው ይሆናል። ፆም ስለሆነ ሽሮና ጎመን ተበላ፣ መጋረጃው ተዘጋ።

መጀመሪያው ሸጋ ነበር። ወይዘሮ አሰለፈች ጓደኛውን ጠሉት፣ «ይኼን ባለ መኪና አትስማው» እያሉ ስክሪኑን ይመክሩ ጀመር። ጋሽ መኩሪያ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። አንደበቴ ተፈታ። ለጊዜው ዴንማርክኛ የማውቅ ሁሉ መሰለኝ።

አሮጊቷ ዘንድ ደረስን። የሰውዬውን ንግግር ተረጎምኩ፤ ማለት ሽማግሌው ፊት ብቀመጥ የምለውን አልኩ። ከዚያ እሷ ተናገረች።

ሳሉም አልመጣ አለ።

«ምን አለችው?» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች።

ፊልሙን አቆምኩት። ተነሣሁ። «አላውቅም። ዴንማርክ ኖሬ አላውቅም። ታስሬ ነበር» አልኩ። ለምን እንደታሰርኩም ተናገርኩ፣ ስለ ሽማግሌውም ጭምር። ውሸቱን እህቴ የዋሸችው ለኔ ብላ እንደሆነ ጨመርኩ።

አንዲት ሴት ወንበር ላይ የነበረ ቦርሳቸውን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። አልፈርድባቸውም። ትዕግሥት መሬት መሬት ታያለች።

ጋሽ መኩሪያ «እስካሁን ያልከውን ሁሉ ከየት አመጣኸው?» አሉኝ።

«ከራሴ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «እንግዲያው ጨርስልን» አሉ።

ጨረስኩላቸው። አሮጊቷ ያለችውን ግን ሳልተረጉም አለፍኩት፤ ደግሞ የጠየቀኝም የለም። ሲወጡ ገሚሱ ጨበጠኝ፣ ገሚሱ ኮቱን ለመልበስ ቸኮለ። ጋሽ መኩሪያ ዲቪዲያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ስለሚቀጥለው ወር ምንም አላሉም።

ወደ ኒድ የተመለስንበት ባቡር ውስጥ ትዕግሥት ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሰኞ

ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ቃሌን በልቻለሁ፤ ምን ብዬ ልከራከር? ማታ እራት ስናነሳ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሳህኖቹን አጥባ ስትጨርስ እጇን አድርቃ አጠገቤ ተቀመጠች።

«በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት የኮፐንሃገንን የአየር ሁኔታ በስልኬ አይ ነበር» አለችኝ። «ብርዱ እንዴት አደረገው ሲሉኝ እንዳልሳሳት። በረዶ ከሆነ በረዶ ነው እላለሁ፣ ፀሐይ ከሆነ ፀሐይ። ከተፈታህም በኋላ ማየቱን አልተውኩም። ለምደዋለሁ።»

ይኼን አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ከአራት ወር እኔ አንድ ቦታ፣ እሷ ሌላ ቦታ ታስረን ነበር።

ስልኳን አወጣች። የከተሞቹን ዝርዝር ከፍታ ኮፐንሃገንን አጠፋችው። የቀረው አንድ ከተማ ነው።

ትንሽ አየችውና «ነገ እዚህ ይዘንባል፣ ጃንጥላ ያዝ» አለችኝ።